«የምን ዶክተር?» ተብሎ እስኪጠየቅ አይጠበቅ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለደሴና ለኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች

ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች የጤና፣ የሰው ሀብትና የኮሙኒኬሽን ክፍሎች፣
ለሆስፒታሎች፣ ለጤና ጣቢያዎችና ለግል ክሊኒኮች ኃላፊዎች፣
ለዩኒቨርሲቲና ለኮሌጅ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ «ዶ/ር» የሚለው ማዕረግ በባጅ፣ በታፔላ፣ በመዝገብና በመድረክ ላይ ስለሚጻፍበትና ስለሚጠራበት መንገድ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በሁለቱ ከተሞች በሕክምና፣ በማስተማር፣ በሬጅስትራርና በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ከመካከላችን የሕክምና ዶክተር አለ፣ በሌላ ትምህርት ፒኤችዲ ያለው አለ፣ የእንስሳት ሐኪምም አለ። ስለዚህ የአንዱን ወገን አቤቱታ ይዘን አልመጣንም።

ከጢጣ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ «ዶክተር!» ብሎ የተጣራ ሰው ዞር የሚልለት አያጣም። አንዱ ቀዶ ሐኪም ነው። ሌላዋ በወሎ ዩኒቨርሲቲ አፈር ሳይንስ ታስተምራለች። አንዱ በኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ሲመረምር የሚውል ነው፤ ሌላው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር፤ ሌላው ገና የመመረቂያ ጥናቱን እየጻፈ ያለ የዶክትሬት ተማሪ፤ ሌላው ደግሞ መድኃኒት ቤት ስላለው ብቻ ሰፈሩ «ዶክተር» ያለው ሰው። ሕዝቡ ግራ ሲገባው «የሰው ነው የከብት?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ምሁር በዚህ ጥያቄ ይከፋል። መከፋት አይገባም፤ ጠያቂው ማወቅ ያለበትን ነው የጠየቀው። የእኛ ቅሬታ መልሱ ባጁ ላይ፣ ታፔላው ላይ፣ ደብዳቤው ላይ አለመኖሩ ነው።

አቋማችንን በግልጽ እናስቀምጥ። ማዕረጉ በሐኪም ብቻ ይያዝ የሚለውን ሐሳብ አንደግፍም። በቦሎኛና በፓሪስ የመጀመሪያዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዶክተር ይባሉ ከነበሩት መካከል የሕግና የሥነ መለኮት ሊቃውንት ነበሩ፤ ሐኪሞችም አብረዋቸው ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ዛሬም አብዛኛው ሐኪም የያዘው የባችለር ዲግሪ ነው፤ «ዶክተር» የሚባለው በልማድና በክብር ነው። ቀዶ ሐኪም ሲሆን ደግሞ ማዕረጉን ጥሎ «ሚስተር» ይሆናል፤ ከ1540 እስከ 1745 እ.ኤ.አ. የለንደን ቀዶ ሐኪሞችና ፀጉር አስተካካዮች በአንድ ማኅበር ከነበሩበት ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። በጀርመን ሙሉ ፈቃድ ይዞ የሚያክም ሐኪም እንኳ የዶክትሬት ጥናት ካልጻፈ በሕግ «ዶክተር» አይደለም፤ ጥናቱን የጻፈ የታሪክ ምሁር ግን ነው፣ ማዕረጉንም በመታወቂያውና በፓስፖርቱ ላይ ማስመዝገብ ይችላል። የሌለውን ማዕረግ የተጠቀመ ደግሞ በወንጀል ሕጉ ይጠየቃል። በ2011 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ ጥናታቸው ከሌላ የተቀዳ ሆኖ በመገኘቱ ማዕረጋቸውንም ሥልጣናቸውንም አጥተዋል።

በተቃራኒው ያለውንም አንቀበልም። «የሕክምና ዶክተርነት እኮ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ እውነተኛው ዶክተር እኛ ነን» የሚል የፒኤችዲ ባለቤት እየበዛ ነው። የሕክምናውም ሆነ የእንስሳት ሕክምናው ዲግሪ በሙያው የመጀመሪያ ዲግሪ መሆኑ እውነት ነው። ሐኪሙ ግን ስድስትና ሰባት ዓመት ተምሮ፣ ኢንተርን (በሆስፒታል እየሠራ የሚለማመድ) ሆኖ ሌሊት አድሮ፣ የሙያ ፈቃድ ይዞ ነው የሚያክመው። ፒኤችዲው በሌላ መንገድ፣ ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ በምርምር የሚገኝ ነው። የሁለቱ መለኪያ የተለያየ ስለሆነ ማወዳደሩ የሻይ ቤት ክርክር ከመሆን አያልፍም።

ሐኪም ያልሆነ ዶክተር ለጤናና ለእንጀራ ምን እንደሚሠራ የሚጠራጠር ካለ ሁለት ስም ይበቃዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በሽታ አስተላላፊዎቹ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዚያን ማስተላለፊያ መንገድ የሚቆርጥ ነገር ያገኙት ዶክተር አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተመራማሪ እንጂ ሐኪም አልነበሩም። አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት የ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ገቢሳ ኤጄታም የእጽዋት ማዳቀል ባለሙያ ናቸው። አቀንጭራ ማሳውን ምን እንደሚያደርገው ለወሎ ቆላ ገበሬ መንገር አያስፈልግም።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ማዕረጉ ብቻውን በሚቆምበት ቦታ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሕመምተኛ ባለበት ቦታ።

በማስተማሪያ ሆስፒታል አንድ ዋርድ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ እንቁጠር፦ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም)፣ ኢንተርን፣ የክሊኒካል ዓመት ተማሪ፣ ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አንዳንዴም መረጃ የምትሰበስብ የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ። ከገጠር አባቱን ይዞ ለመጣ አስታማሚ እነዚህ ሁሉ «ዶክተር» ናቸው። ከዚያ የሚከተለው ይታወቃል። ተረኛ ነርስ ስትለዋወጥ «ሐኪም አይቶታል?» ብላ ትጠይቃለች፤ አስታማሚው «አዎ፣ ዶክተሩ አሁን አይቶት ሄደ» ይላል። ያየው ግን የደም ናሙና ሊወስድ የመጣ ሰው ነው። ሕመምተኛው ታይቷል ተብሎ ይታለፋል፤ ትኩሳቱ፣ የደም ግፊቱ፣ የቁስሉ መድማት ሳይነገር ይነጋል። ይህ እንዳይሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ርክክብ በካርድ እንጂ በአስታማሚ ቃል አይሁን። ሁለተኛ፣ ካርዱ ላይ የሚጽፍ ሁሉ ከፊርማው ሥር ሙሉ ስሙን፣ ሙያውንና ደረጃውን፣ ቀንና ሰዓቱን ያስፍር። «ዶ/ር» ብሎ መፈረም ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ኢንተርንም ስፔሻሊስትም እንዲሁ ይፈርማሉና።

የስምምነት ፊርማም ሌላው ክፍተት ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚፈርም ሰው ያስረዳው ማን እንደሆነ፣ የሚቀድደውስ እሱ ይሁን ሌላ ማወቅ አለበት። ለጥናት የሚፈርም ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ይሳሳታል። አልጋው አጠገብ መጥታ «ዶክተር እገሊት እባላለሁ፣ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎ» ያለችውን ተመራማሪ እምቢ ቢል መድኃኒት የሚቋረጥበት ይመስለዋል። ፊርማው ከፍርሃት የመጣ ከሆነ ጥናቱም ጉድለት ይዞ ይጀምራል። እዚህ ላይ የምንጠይቀው አነጋገሩ እንዲለወጥ ነው፦ «እገሊት እባላለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ። ጥናት እየሠራሁ ነው። እኔ የማክምዎ ሐኪም አይደለሁም፤ እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ እንዳለ ይቀጥላል።» ማዕረጉን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሰነድ ላይ ይጻፉት፤ አልጋ አጠገብ አያስፈልግም።

ስለ ሴት ሐኪሞች ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በዋርዱ ውስጥ ወንድ ነርስ «ዶክተር» ሲባል፣ ሆድ ከፍታ የምትሠራ ቀዶ ሐኪም «ሲስተር» ትባላለች። ባልደረቦቿ ፊት ሲሆን በሳቅ ይታለፋል። ሕመምተኛው ግን ትእዛዟን «ሲስተሯ ያለችው ነው» ብሎ አሳንሶ፣ የወንዱን ነርስ አስተያየት ደግሞ አተልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በስብሰባም ላይ ያው ነው፤ ወንዱ «ዶክተር»፣ እኩያው የሆነችው ሴት «ወይዘሮ»። በአንድ መርሐ ግብር ላይ ለአንዱ የተነበበ ማዕረግ ለሌላዋም ይነበብ፤ ወይም ለሁለቱም ይቅር። ነርስነትም ቢሆን ራሱን የቻለ የተከበረ ሙያ ነው፤ ነርስ በ«ዶክተር» መጠራት አያስከብረውም፤ በስሙና በሙያው መጠራት ነው የሚያስከብረው።

ባጁን በተመለከተ የምናቀርበው ይህ ነው። የተለመደው የመታወቂያ ካርድ ወደ 8.5 በ5.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ ትልቁን ስፍራ የሚይዘው የመሥሪያ ቤቱ አርማና ስም ነው፤ ሙያው ከታች በጉንዳን እግር ይጻፋል። ይገልበጥ። ከላይ፣ ከ8 ሚሊ ሜትር ባላነሰ ፊደል፣ ሙያው፦ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ መምህርና ተመራማሪ። ረጅም የሆነው፣ ለምሳሌ «ላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት»፣ በሁለት መስመር ይገባል። ከሥሩ ስም፤ ማዕረግ ካለ ከስሙ በኋላ በቅንፍ። ከዚያ ደረጃው ወይም የትምህርት ዘርፉ፦ «ኢንተርን»፣ «ሬዚደንት፣ የውስጥ ደዌ»፣ «ዶክትሬት በኤፒዲሚዮሎጂ»። አርማው በማዕዘን ይበቃዋል። በአንገት ገመድ የሚንጠለጠል ባጅ ደግሞ ሁልጊዜ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት ይታተም። ማንበብ ለማይችል ሰው በግርጌው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀለም ይጨመር፤ ነገር ግን ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳይ ሥዕል በካርድ ክፍሉና በየዋርዱ በር ካልተለጠፈ ቀለሙ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሐኪም ባልሆነ ዶክተር ባጅ ላይ «ሕክምና አይሰጥም» ይጻፍ ያሉም ነበሩ። አልተስማማንበትም፤ ሰው የሚሠራው እንጂ የማይሠራው ደረቱ ላይ አይለጠፍም።

«ሐኪም» የሚለውን በትልቁ ማስቀመጥ ክብር ይቀንሳል የሚል ካለ፣ ከዘመናዊ ሐኪሞቻችን ቀዳሚ የሆኑት ወርቅነህ እሸቴ እስከ ዛሬ የሚታወቁት «ሐኪም ወርቅነህ» በሚለው ስማቸው ነው።

ወደ ታፔላ እንሂድ። በገበያው ዙሪያ «ዶ/ር እገሌ» የሚል ብቻ የሚነበብባቸው፣ እባብ የተጠመጠመበት ዘንግ የተሳለባቸው ታፔላዎች አሉ። አንዳንዱ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ለከብት የሚሸጠው 20 ከመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለው፤ የሰው ቴትራሳይክሊን እንክብል በአብዛኛው 250 ሚሊ ግራም ነው። ለበሬ የሚወጋው መርፌ አሥርና ከዚያም በላይ ሚሊ ሊትር ነው። ታፔላውን አይቶ «ዶክተሩ ሰጠኝ» ብሎ ለልጅ ማጠጣት የሚሞክር ወላጅ የመጠኑ መሳሳት ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ የዚህ መድኃኒት ዘር ጥርስን ለዘለቄታው ያበልዛል። የእንስሳት ሐኪሙ በሙያው ሙሉ ዶክተር ነው፤ ታፔላው ላይ «የእንስሳት ሐኪም» ከማዕረጉ በሚበልጥ ፊደል ይጻፍ፣ የላም ወይም የበግ ሥዕልም ይጨመርበት። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ፈቃዱን ሲያድስ የታፔላውን ፎቶ አብሮ ቢጠይቅ ነገሩ በአንድ ዓመት ይስተካከላል። ባህላዊ መድኃኒት የሚሸጥና ምንም ዲግሪ የሌለው «ዶ/ር» ሲሆን ግን የፊደል መጠን ጉዳይ አይደለም፤ ታፔላው ይውረድ።

ለሰው ሀብትና ለመዝገብ ሠራተኞች ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ግን ብዙ ራስ ምታት የሚያስቀር ምክር አለን። ማዕረግን በ«ስም» ዓምድ ውስጥ አትጻፉ፤ የራሱ ዓምድ ይኑረው። «ዶ/ር» በስሙ ፊት ሲገባ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሲደረደር ዶክተሩ ሁሉ «ዶ» ሥር ይከማቻል። አንዱ ጸሐፊ «ዶ/ር»፣ ሌላው «ዶር»፣ ሦስተኛው «ዶክተር» ብሎ ስለሚጽፍ አንድ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። የደመወዝ መዝገቡ፣ የባንክ ሒሳቡና መታወቂያው ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል ካልገጠመ ክፍያ ይመለሳል። ሰነድ ስካን አድርጋችሁ ስታስቀምጡም ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ያችን «/» አይቀበልም። በአማርኛ ጋዜጦች እየተለመደ የመጣው አጻጻፍ፣ ስሙ ቀድሞ ማዕረጉ በቅንፍ የሚከተልበት፣ ለደብዳቤም ለዝርዝርም የሚመች ነው፦ «እገሌ እገሌ (ዶ/ር)፣ የሰብል ሳይንስ»።

ማዕረግ መደራረብም ልክ ይኑረው። ዶክትሬት የትምህርት ደረጃ ነው፤ ፕሮፌሰርነት የሥራ ደረጃ ነው። ረዳት ፕሮፌሰርን «ፕሮፌሰር» ብሎ መድረክ ላይ መጥራት ሁለት የዕድገት ደረጃ በነፃ መስጠት ነው፤ በመካከሉ ተባባሪ ፕሮፌሰር አለና። «ዶ/ር ኢንጂነር» የሚባለውም ጀርመኖች ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምህንድስና የሚሰጡት ራሱን የቻለ ዲግሪ ስላለ ያንን ለያዘ ያምራል፤ የመጀመሪያ ዲግሪን ሙያ ከፒኤችዲ ጋር ለመስፋት ግን አልተሠራም። መድረክ መሪዎች እንግዳውን ሲያስተዋውቁ አንድ ጊዜ በሙሉ፣ ከነዘርፉ ይጥሩ፤ «ዶክተር እገሌ፣ በውኃ ሀብት ምህንድስና»። ከዚያ በኋላ በአገራችን ልማድ «ዶክተር» ከስም ጋር ይበቃል። የጤና ርዕስ በሆነ መድረክ ወይም የሬድዮ ዝግጅት ላይ ግን ዘርፉን መድገም ያስፈልጋል፤ መሐል ላይ ሬድዮ የከፈተ ሰው የኢኮኖሚ ምሁሩን ስለ ስኳር በሽታ ሲናገር ሰምቶ መድኃኒቱን እንዳያቆም። ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይ ማዕረግ መዘርዘር ደግሞ ከወሎ ወግ ጋር አይሄድም፤ እዚያ «ጋሼ» እና «እትዬ» ይበልጣሉ።

ማዕረጉ መቼ ይጀምራል ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ጥናቱን ተከላክሎ፣ ፈታኞች ያዘዙትን እርማት አስገብቶ፣ ሴኔቱ ሲያጸድቅለት። ከዚያ በፊት «የዶክትሬት ተማሪ» ወይም «ዕጩ» ነው። የሕክምና ተማሪም እንዲሁ ከመመረቁ በፊት «ዶክተር» አይባል፤ ሕመምተኛ ፊት «የሕክምና ተማሪ ነኝ» ይበል። የክብር ዶክትሬት በበኩሉ ሽልማት ነው። በሕይወት ታሪክ ላይ «የክብር ዶክትሬት ተሸላሚ» ተብሎ በኩራት ይጻፍ፤ በደብዳቤ ፊርማና በቢሮ በር ላይ ግን አይውጣ። ይህ በብዙ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችም የተለመደ ሥርዓት ነው።

ማጣራቱ ላይ አትስነፉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከየት ተቋም፣ በምን ዘርፍ፣ በየትኛው ዓመት። አገር ውስጥ ከሆነ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በባለቤቱ እጅ ሳይሆን ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ይምጣ። ከውጭ አገር ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠው የአቻ ግምት ይቅረብ። ከዚያ የመመረቂያ ጥናቱን ርዕስ ጠይቁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጥናቶችን በኢንተርኔት ማከማቻቸው ላይ ስለሚያስቀምጡ ርዕሱን መፈለግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፒኤችዲ አለኝ እያለ የጥናቱን ርዕስና የአማካሪውን ስም ወዲያው መናገር የማይችል ሰው ካጋጠማችሁ ፋይሉን ለጊዜው አቆዩት። የሐኪም ከሆነ ዲግሪው ብቻ አይበቃም፤ የታደሰ የሙያ ሥራ ፈቃዱ ይታይ።

በመጨረሻ ለትራንስፖርትና ለትራፊክ ባልደረቦች አንድ ቃል። ሐረጎ ላይ አደጋ ሲደርስ፣ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ሰው ራሱን ሲስት «ዶክተር አለ?» ተብሎ አይጮህ። «ሐኪም ወይም ነርስ አለ?» ይባል። ያኔ የሒሳብ ዶክተሩ በከንቱ አይነሳም፤ ደም ማቆም የምታውቀው ነርስ ግን ትነሳለች።

ከላይ ከዘረዘርነው አብዛኛው አዲስ በጀት አይፈልግም። ባጅ በየጊዜው ይታተማል፤ የሚቀጥለው ኅትመት በዚህ ቅርጽ ይሁን። የመዝገቡ ዓምድ በአንድ ከሰዓት ይጨመራል። ጤና ክፍሎቹ የታፔላውን ጉዳይ በሚቀጥለው የፈቃድ እድሳት እንዲጀምሩት፣ ኮሙኒኬሽን ክፍሎቹም የአጠራር መመሪያውን በአንድ ገጽ አዘጋጅተው ለመድረክ መሪዎች እንዲያድሉ እንጠይቃለን። ረቂቁን ለማዘጋጀትና በየመሥሪያ ቤቱ ለማስረዳት ከመካከላችን ሰው እንመድባለን፤ ያለ አበል።

ከሰላምታ ጋር
በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ የጤና፣ የትምህርትና የሰው ሀብት ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለባጅና ለታፔላ ማተሚያ ቤቶች
ለሬድዮ ዝግጅት ክፍሎች
ለመድረክ መሪዎች